መሽተሪና ዙሐል ሲገናኙ፦ የቤተ ልሔሙ ኮከብ ጥያቄ ከደብረ ታቦር ሰማይ ሥር

ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ደንገዝገዝ ሲል፣ ከደብረ ታቦር ከፍታ ወደ ባሕር ዳር አቅጣጫ ዐይኑን የጣለ ሰው ሁለት ብርሃኖች ተጠጋግተው ማየት ይችል ነበር። ደማቁ ጁፒተር፣ ፈዘዝ ያለው ሳተርን ነው። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት የሙሉ ጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ሁለቱ ሰው በዐይኑ በቀላሉ ሊያያቸው በሚችልበት ሁኔታ እንዲህ የተቀራረቡት ከዚያ በፊት በ1226 እ.ኤ.አ. ነው፤ በላሊበላ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ግድም ማለት ነው። ከፀሐይ ኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ከጣና ማዶ ጠለቁ።

የፈረንጆቹ ገና አራት ቀን ቀርቶት ስለነበር የዓለም ጋዜጦች ስም ለመስጠት አልቸገራቸውም፤ «የገና ኮከብ» አሉት። የኢትዮጵያ ገና ግን ገና 17 ቀን ይቀረው ነበር። እርሱ እስኪደርስ ሁለቱ ፕላኔቶች ተለያይተው፣ ወደ ፀሐይ ተጠግተው፣ በምሽቱ ወጋገን ውስጥ ለመታየት እየተቸገሩ ነበር። ከጋይንት ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚጓዙት ተሳላሚዎች የዚያን ዓመት ሌሊት መንገዳቸውን ሲያቋርጡ ከፊታቸው የሚመራቸው ልዩ ኮከብ አልነበረም ማለት ነው።

ጋዜጦቹ ስሙን ያነሡት እንዲሁ አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል በሁለተኛው ምዕራፍ የሚተርከውን፣ ሰብአ ሰገልን ከምሥራቅ ወደ ቤተ ልሔም የመራውን ኮከብ በፕላኔቶች መገናኘት ለማስረዳት የሚደረገው ሙከራ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ሐሳቡ ማራኪ ነው። ሰማዩ እንደ ሰዓት ወደ ኋላ ሊቈጠር ይችላል፤ የትኛውም ፕላኔት በየትኛው ምሽት የት እንደነበረ ማስላት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው የተገኘውን ውጤት ወንጌላዊው ከጻፈው ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጡት ነው።

መጀመሪያ ስለ ሰማዩ። በታኅሣሥ እስቴ ውስጥ እህል ሲወቃ በሬዎች አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ ውስጥ ውስጡን የሚሄደው ዙሩን ቶሎ ይጨርሳል፣ ዳር ዳሩን የሚሄደው ይዘገያል። ፀሐይን የሚዞሩት ፕላኔቶችም እንዲሁ ናቸው። ምድር ዙሯን በአንድ ዓመት፣ ጁፒተር በ12 ዓመት ገደማ፣ ሳተርን በ29 ዓመት ተኩል ይጨርሳሉ። ስለዚህ ጁፒተር ሳተርንን በየ20 ዓመቱ ግድም ደርሶበት ያልፈዋል። አሁን የውስጠኛው በሬ ጀርባ ላይ የተቀመጠ እረኛ አለ እንበል። የዳሩን በሬ ደርሶ በሚያልፍበት ቅጽበት፣ ያ በሬ ከማዶው ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለዋል። ምድር ውጫዊዎቹን ፕላኔቶች ስታልፍ የሚታየው ይኸው ነው፤ ፕላኔቱ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆምና ጉዞውን ይቀጥላል። ይህ የይምሰል መመለስ ከሁለቱ መገናኘት ጋር ሲገጥም ጁፒተርና ሳተርን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገናኛሉ። ይህ ብርቅ ነው። የመጨረሻው የታየው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን ቀጣዩን ለማየት ከ200 ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ለጎንደር ሊቃውንትና ደብተራዎች እነዚህ ተጓዦች እንግዳ አይደሉም። ከዐረብኛ በመጣው ስማቸው ጁፒተር መሽተሪ፣ ሳተርን ዙሐል፣ ማርስ መሪኅ፣ ቬነስ ዙሕራ ይባላሉ፤ የኮከብ ቈጠራውን መጽሐፍ ዐውደ ነገሥትን የገለጠ ሰው ያውቃቸዋል። ዐሥራ ሁለቱ የከዋክብት ቤቶችም እንዲሁ ከሐመል እስከ ሑት ተዘርዝረዋል። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው ለስያሜው ሲባል ብቻ አይደለም። ሰብአ ሰገል የኖሩበትን ዓለም ለመገመት ከዘመናዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ይልቅ ኮከብ ቈጣሪ ደብተራ ይቀርባል፤ የሰማዩ ውበት ሳይሆን የትኛው ኮከብ በየትኛው ቤት ገባ የሚለው ነበር የሚያሳስባቸው።

ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መሽተሪና ዙሐል በሑት ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ በሜይ መጨረሻ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻና በኦክቶበር መጀመሪያ መካከል፣ በመጨረሻም በዲሴምበር መጀመሪያ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ማርስም ወደዚያው ሰፈር መጣ። ንጉሥ ሄሮድስ የሞተው በአብዛኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ስሌት በ4 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ሕፃናትን ማስገደሉን ወንጌሉ ይናገራል። 7፣ 6፣ 5፣ 4፤ ቊጥሮቹ ጥሩ አድርገው ይሰለፋሉ። ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያልሞተውም ስለዚህ ነው።

ሐሳቡን ብዙ ሰው ከዮሐንስ ኬፕለር ጋር ያያይዘዋል። ኬፕለር ግን የሚባለውን በትክክል አላለም። በ1603 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ፕራግ ላይ ሆኖ የሁለቱን ፕላኔቶች መገናኘት ተመለከተ፤ በቀጣዩ መጸው ማርስ ሲጨመርባቸው እዚያው አካባቢ ከዚያ በፊት ያልነበረ ደማቅ ኮከብ ፈነጠቀ። ዛሬ እንደሚታወቀው የፈነዳ ኮከብ ነበር፤ በእኛው የከዋክብት ጭፍራ ውስጥ ሆኖ በባዶ ዐይን በግልጽ የታየ የመጨረሻው ነው። ኬፕለር ወደ ኋላ ቈጥሮ የ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶሱን መገናኘት ሲያገኝ፣ ያኔም ከፕላኔቶቹ መሰባሰብ በኋላ እንዲህ ያለ አዲስ ኮከብ ታይቶ መሆን አለበት አለ። ለእርሱ የፕላኔቶቹ መገናኘት የኮከቡ ዋዜማ እንጂ ኮከቡ ራሱ አልነበረም። ዋዜማውን በዓሉ ያደረጉት ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

በ1856 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቻርልስ ፕሪቻርድ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ ሁለት የማይመቹ ነገሮች አገኘ። አንደኛ፣ በ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሁለቱ ፕላኔቶች አንድ ዲግሪ ያህል እንደተራራቁ ነው የተላለፉት። ይህ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ክፍተት ነው። በ2013 ዓ.ም. የታየው መቀራረብ ከዚያ ዐሥር እጥፍ የጠበበ ሆኖ ሳለ እንኳ ጤናማ ዐይን ያለው ሰው ሁለቱን ለይቶ ያያቸው ነበር። የዚያኛው ዘመን ሰዎች አንድ ኮከብ አዩ ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ከዚያ 59 ዓመት ቀደም ብሎ ከዚህ የበለጠ ተቀራርበው ነበር፤ ያኔ ግን ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ጭኖ የተነሣ ሰው አልተሰማም።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ጠቢባኑን ያስነሣቸው የኮከቡ ድምቀት ሳይሆን ትርጉሙ ነው የሚል ነው። መሽተሪ የነገሥታት፣ ዙሐል ደግሞ የአይሁድ ኮከብ፣ ሑትም የዚያ ምድር ቤት ነው፤ ስለዚህ ለሚያውቅ ሰው በሰማይ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር ይላሉ። ይህ መልስ አንድ ጥሩ ጎን አለው፤ ሄሮድስና ኢየሩሳሌም በሙሉ በጠቢባኑ ወሬ ለምን እንደደነገጡ ያስረዳል። ሁሉ ሰው ያየው ደማቅ ኮከብ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሳይቀድማቸው አይቀርም ነበር።

ነገር ግን ማስረጃው ሲፈተሽ ይሳሳል። የባቢሎን ሊቃውንት የዚያን ዓመት የፕላኔቶች ጉዞ አስቀድመው አስልተው በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈውታል፤ ቅጂዎቹ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ። በ1984 እ.ኤ.አ. አብርሃም ሳክስና ክሪስቶፈር ዎከር ጽሑፉን አንብበው አሳተሙት። መሽተሪና ዙሐል በሑት ውስጥ መሆናቸው በየወሩ ተመዝግቧል፤ ሦስት ጊዜ መገናኘታቸው ግን ቁም ነገር ተብሎ አልተነሣም። ጸሐፊው ከሌላው ዓመት አብልጦ የሚያስደንቅ ነገር ያየ አይመስልም። መሽተሪና ዙሐል በሑት ሲገናኙ የአይሁድ መሲሕ ይመጣል የሚለው ትርጓሜ ደግሞ በግልጽ ተጽፎ የሚገኘው በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በኖረው አይሁዳዊ ሊቅ በይስሐቅ አብራቫኔል ዘንድ ነው። የ1,500 ዓመት ክፍተት ቀላል አይደለም።

ትልቁ ጭንቅ ግን ሌላ ነው። ማቴዎስ ኮከቡ ታየ ብሎ አያበቃም፤ እየመራቸው ሄዶ ሕፃኑ ባለበት ቦታ ላይ ቆመ ይላል። ይህን ለመመርመር የደቡብ ጎንደር ሰው መጻሕፍት አያስፈልጉትም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው ጉና አለለት። ጉና ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ይቆማል። በአንዳንድ ወራት የአጥቢያ ኮከብ ልክ በጉና ራስ ላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ የከተማው ሰው «ጉና ላይ ነው ያለው» ቢል አይፈረድበትም። በዚያው ሰዓት ግን ከጉና ወዲያ ማዶ ነፋስ መውጫ ላይ ያለ ሰው ጉናን በስተ ምዕራብ፣ ከኮከቡ በተቃራኒ ያገኘዋል፤ ኮከቡን የሚያየው ወደ ደላንታ በኩል ነው። ኮከቡ አልተንቀሳቀሰም፤ እጅግ ሩቅ ስለሆነ ለሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይታያል። ወደ ኮከቡ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢገሠግሥ እንኳ አይደርስበትም። ከኢየሩሳሌም ቤተ ልሔም ወደ ደቡብ 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ታቦር ጋፋት ደርሶ መመለስን የሚያህል መንገድ። በዚህ ርቀት ውስጥ ጁፒተርም ሆነ ሳተርን አንዱን ቤት ከጎረቤቱ ለይቶ ሊያመለክት አይችልም።

ይህን ያየው የዘመኑ ሳይንስ ብቻ እንዳይመስል። ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ነጥብ በነጥብ አስቀምጦታል። ሌሎች ከዋክብት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ይህኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሄዷል፤ በቀን ብርሃን ታይቷል፤ ሲያስፈልግ እየተሰወረ ሲያስፈልግ ተገልጧል፤ ወርዶ አንዲት ጎጆ አመልክቷል። ከፍ ብሎ የሚታይ ኮከብ ይህን ማድረግ እንደማይችል ተናግሮ፣ የማይታይ ኃይል የኮከብን መልክ ይዞ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። አፈወርቅ እዚህ ላይ ያሳየው ጥንቃቄ ከብዙ የዘመናችን ጽሑፎች ይሻላል፤ ጽሑፉን ለሰማዩ እንዲመች አላጣመመውም፣ ሰማዩንም ለጽሑፉ ሲል አላጣመመውም።

የኢትዮጵያ የአንድምታ መምህራንም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። የሚተርኩት የፈላስፋው የዘረደሸት ታሪክ አለ፤ በውኃ ዳር ሆኖ ሲመራመር ድንግል ሕፃን ታቅፋ በኮከብ ላይ ተሥላ አየ፣ ያየውንም ለልጅ ልጅ እንዲተላለፍ ጽፎ አኖረው። ሰብአ ሰገል የጠበቁት ያንን ነው። ይህ ኮከብ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ እንጂ በምኅዋሩ የሚዞር ፕላኔት አይደለም።

እዚህ ላይ ሔኖክን መጨመር ተገቢ ነው። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው፣ ጄምስ ብሩስም ከጎንደር ቈይታው በኋላ በ1773 እ.ኤ.አ. ወደ አውሮፓ የወሰደው መጽሐፈ ሔኖክ፣ ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ድረስ መልአኩ ዑራኤል የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ሥርዓት፣ በምሥራቅና በምዕራብ ያሉትን ስድስት ስድስት በሮች ለሔኖክ ሲያስረዳ ይተርካል። በዚያው መጽሐፍ ሰባት ከዋክብት በሰዓታቸው ባለመውጣታቸው ታስረው ይታያሉ። እንግዲህ ሔኖክን ከቀኖናው ጋር ለሚያነብ ሰው ከዋክብት ሕግ አላቸው፤ ከመንገዱ ወጥቶ በቤት ላይ የሚቆም ኮከብ ወይ ሕግ ተላልፏል፣ ወይ ከመጀመሪያውም ኮከብ አይደለም። ከሁለቱ ሁለተኛውን መምረጥ ለአንድምታ መምህር የሚከብድ አልነበረም።

ደቡብ ጎንደር የራሷ ቤተ ልሔም አላት። በጋይንት ምድር ያለችው ቤተ ልሔም ማርያም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ የድጓ መምህር ለመሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር ከየአገሩ እየተነሣ ወደ እርሷ ይመጣል። በ1955 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ቶማስ ፓክንሃም ደርሶባት ከውጭ ክብ የሣር ክዳን፣ ከውስጥ ግን በአክሱም ዘይቤ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አይቶ ለውጭው ዓለም ጻፈ። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች አካባቢ ሰማይን መቊጠር ሁለት መልክ አለው። አንዱ ባሕረ ሐሳብ ነው፤ በዓላትንና አጽዋማትን ያወጣል፣ የተከበረ ትምህርት ነው። ሌላው ኮከብ ቈጠራ ነው፤ ለጋብቻ «ኮከባቸው ይገጥማል» የሚለው፣ በድብቅ የሚጠየቅና በአደባባይ የሚወገዝ። የፕላኔቶችን መገናኘት ለቤተ ልሔሙ ኮከብ ማስረጃ የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው ከመጀመሪያው ቤት ተነሥቶ ሁለተኛው ቤት ይገባል።

እንዴት እንደሚገባም ማሳየት ይቻላል። በባሕረ ሐሳብ ዓመታቱ በአራቱ ወንጌላውያን ይሰየማሉ። 5,500 ሲደመር 2013 ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ 2013 ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ኮከቡን የሚተርክልን ወንጌላዊ ደግሞ ማቴዎስ ብቻ ነው! ቀጣዩ የመሽተሪና የዙሐል መገናኘት ጥቅምት 21 ቀን 2033 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም ዘመነ ማቴዎስ። ሦስት ጊዜ የተገናኙበት 1973ም ማቴዎስ ነበር። ይህን በገና ዋዜማ ከዐውደ ምሕረት ቢናገሩት ሕዝቡ እልል ይላል። የሚዘለለው ግንቦት 1992 ነው፤ ሁለቱ ፀሐይ አጠገብ ሆነው ብዙ ሰው ሳያያቸው የተገናኙበት፣ ዘመነ ዮሐንስ። ሃያ ለአራት ስለሚካፈል ግጥሙ ደጋግሞ ቢመጣ አያስደንቅም፤ 1992ን ከዝርዝሩ አውጥቶ ሦስቱን መቊጠር ግን ምርጫ ነው። የቤተ ልሔምን ኮከብ በተመለከተ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ምርጫ የተሞሉ ናቸው።

ሌሎች ዕጩዎችም አሉ። በ17 ጁን 2 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቬነስና ጁፒተር በአሰድ ቤት ውስጥ ለዐይን አንድ እስኪመስሉ ተጣብቀዋል፤ ለዕይታ ከሆነ ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። ሄሮድስ ግን በተለመደው ስሌት ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ማይክል ሞልናር የተባለ አሜሪካዊ በ17 ኤፕሪል 6 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጨረቃ መሽተሪን በሐመል ቤት የጋረደችበትን መረጠ፤ ፀሐይም እዚያው ሐመል ውስጥ ስለነበረች በዐይን የሚታይ አልነበረም፣ በስሌት ብቻ የሚታወቅ ነው። ቻይናውያን ደግሞ በ5 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከ70 ቀን በላይ የቆየ ጭራ ያለው ኮከብ መዝግበዋል።

ዓመተ ምሕረትን ለሚቈጥር አንባቢ እነዚህ ሁሉ ዓመታት ይበልጥ ይርቃሉ። የአውሮፓው አቈጣጠር መነኩሴው ዲዮናስዮስ በ525 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ የኢትዮጵያው ከእስክንድርያው አኒያኖስ የመጣ ሆኖ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶሱ መገናኘት ከዓመተ ምሕረት መነሻ 14 ዓመት ያህል ይቀድማል። ዲዮናስዮስ ከሄሮድስ ሞት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ዓመታት ስቷል ከተባለ፣ አኒያኖስ የበለጠ ስቷል ማለት ነው።

አንድ የአካባቢው ትውፊት ግን ለእነዚህ ቀኖች ጥሩ መፈተኛ ይሆናል። ሰብአ ሰገል ሲመለሱ እመቤታችን ልጇን ይዛ ተሰደደች፤ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በደቡብ ጎንደር በኩል ያለችው ጣና ቂርቆስ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን እንዳስተናገደቻቸው ትናገራለች፤ ጠቅላላው ስደት ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ስደቱ ያበቃው በሄሮድስ ሞት ነው። ከ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሜይ አንሥቶ፣ ከሄሮድስ ሞት ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው የጨረቃ ግርዶሽ እስከታየበት እስከ 4 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማርች ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አይሞላም። ከዚህ ላይ ሄሮድስ ከጠቢባኑ የተረዳው የሁለት ዓመት ጊዜ ሲቀነስ ለስደቱ የሚተርፈው ከአንድ ዓመት በታች ነው። ጥቂት ጸሐፊዎች ግርዶሹ የ1 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጃንዋሪው ነው፣ ሄሮድስም የሞተው ያኔ ነው ይላሉ፤ እነርሱ ግን ይህን የሚሉት የቬነስንና የጁፒተርን ኮከብ ለማትረፍ ስለሆነ ከጁን 2 እስከ ጃንዋሪ 1 ያላቸው ሰባት ወር ነው። የጣና ቂርቆስን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ከሁለቱ ዓመት ጋር የሚችለው የ7 ቅድመ ልደተ ክርስቶሱ መገናኘት ከ1 ቅድመ ልደተ ክርስቶሱ የሄሮድስ ሞት ጋር ሲጣመር ብቻ ነው፤ አንደኛውን የሚደግፉት ግን ሁለተኛውን አይቀበሉም፣ ሁለተኛውን የሚሉትም አንደኛውን ትተውታል።